ጳጉሜን፣ አንድ ደብተርና አንድ ዓረፍተ ነገር፦ የሕይወት ራእይን በጸሎትና ራስን በመመርመር መፈለጊያ መመሪያ

ቤቴ ውስጥ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በራሴ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ራእዬ፦ አፍሪካን ሥነ ምግባር ያላቸው መሪዎች አህጉር ማድረግ።» የጻፍኩት አንድ የወጣቶች ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኙ ሃያ ደቂቃ ሰጡን፤ ጻፍን፣ እየተነሣን አነበብን፣ ተጨበጨበልን፣ ሰርተፍኬታችንን ይዘን ወጣን። ያኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ በማግስቱም ያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ደረሰኝ ስደረድር ዋልኩ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ቤት ስንቀይር ደብተሩ ከካርቶን ውስጥ ወጣ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ከፋኝ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እኔ የለሁም። የማውቀው ሰው፣ የኖርኩበት ሰፈር፣ የቻልኩት ሥራ አንዱም የለም። ከእኔ አጠገብ የተቀመጠው ልጅም ያንኑ ቢጽፍ ማንም ልዩነቱን አያውቅም ነበር።

ስህተቴ አቅጣጫው ላይ ነበር። ራእይ ሲባል አንገቴን ወደ ፊት አስግጌ ገና ያልተፈጠረ ነገር ለማየት ታገልኩ። አሁን ተገላቢጦሹን አደርጋለሁ፦ እግዚአብሔር እስከ ዛሬ በሕይወቴ ያደረገውን ወደ ኋላ አነባለሁ፤ ወደ ፊት የሚሄደው መስመር ከዚያው ይቀጥላል። ከዚህ በታች ያለው በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የማደርገው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ጥቅሶች

ስለ ራእይ በተሰበከ ቁጥር ምሳሌ 29፥18 ይጠቀሳል፦ «ራእይ ባይኖር ሕዝብ መረን ይሆናል።» ሰባኪው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ጥቅሱ ግን «ሕግን የሚጠብቅ ግን የተመሰገነ ነው» ብሎ ይጨርሳል። የሚናገረው እግዚአብሔር ለነቢያት ስለሚገልጠው ቃል ነው፤ ያ ቃል የማይሰማበት ሕዝብ ልጓሙን ይበጥሳል ይላል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። ለሁላችንም በግልጽ የተነገረ ነገር አለ፤ የየግላችን ራእይ ከዚያ በታች ነው የሚመጣው። የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ እያዘገየ «ጌታ ሆይ፣ ራእዬን አሳየኝ» የሚል ሰው የመጀመሪያውን መልስ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ኤርምያስ 29፥11 ነው፤ በየምርቃቱ ኬክ ላይ የሚጻፈው፣ «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለው። ቃሉ ያለው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች በተላከ ደብዳቤ ውስጥ ነው። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ብትሉ ተስፋው የሚፈጸመው ሰባ ዓመት ሲሞላ እንደሆነ ታገኛላችሁ። ደብዳቤው ሲነበብ አርባ ዓመት የሞላው ሰው መመለሱን በዓይኑ አያይም ማለት ነው። እስከዚያው የታዘዙት ምን ነበር? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ። ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ሆናችሁ «አገሬ ስገባ እጀምራለሁ» የምትሉ ይህን ምዕራፍ ከቁጥር 4 ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ቃላቱንም እንለይ። ሙያ የምንኖርበት ነው፤ ግብ ቀን ተቆርጦለት የሚያልቅ ነገር ነው። ራእይ የምለው «በእኔ በኩል፣ ለእነማን፣ ምን ቢሆንላቸው እግዚአብሔር ደስ ይለዋል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ሙያና ራእይ አንድ ላይ ከገጠሙ እሰየው፤ ካልገጠሙም ነውር የለውም። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፋ ነው የሰበከው።

ጊዜ፣ ቦታና ዕቃ

ጳጉሜን የመረጥኩት ስለሚመች ነው። አምስት ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት። ዓመቱ አልቋል፣ አዲሱ አልገባም፤ ብዙ ሰው ጸበል ይሄዳል፣ ይጾማል፣ የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ቢጥል ልጆች ይራጩበታል። የጾመ ነነዌ ሦስት ቀንም ሆነ ፍልሰታ ይሆናል፤ ወንጌላውያን የሆናችሁ የጾም ጸሎት ሳምንታችሁን ተጠቀሙ። ሰው ቤት ተቀጥራችሁ በወር አንድ ቀን ብቻ የምታርፉ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ቀን በትናንሹ ከፋፍላችሁ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሩብ ሰዓት እየሰጣችሁ፣ በአንድ ወር ጨርሱት። የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና የወረቀት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። «መዝሙር እከፍትበታለሁ» የሚለው ሰበብ እኔን ሁለት ጳጉሜን በልቶብኛል። ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 እስከ ንጋቱ 12 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቤተሰብ ሳይነሣ፣ ታክሲ መጥራት ሳይጀምር።

በየቀኑ አጀማመሩ አንድ ነው። የለመዳችሁትን ጸሎት ጸልዩ፤ ከዚያ ሳሙኤል በልጅነቱ የተናገራትን በሉ፦ «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር።» ከዚያ ዐሥር ደቂቃ ዝም። ዝምታው ከሁሉም ይከብዳል። የመጀመሪያ ቀን ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ትናንት ስለ ተናገራችሁ ሰው ታስባላችሁ። አትታገሉት፤ በደብተሩ ጀርባ አንድ አንድ ቃል ጻፉለትና ተመለሱ። እኔ የጀርባውን ገጽ «የገበያ ገጽ» እለዋለሁ። (በነገራችን ላይ የገበያ ገጹ ራሱ በአምስተኛው ቀን የሚነግራችሁ ነገር አለ፤ አትቅደዱት።)

ቀን አንድ፦ ድንጋዮቹን መቁጠር

ሳሙኤል ካደገ በኋላ አንድ ድንጋይ አቁሞ አቤንኤዘር አለው፤ «እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል» ብሎ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ እንዲህ ያሉ ድንጋዮችን ከራስ ሕይወት መልቀም ነው።

ዕድሜያችሁን በሰባት በሰባት ዓመት ቁረጡት። ሠላሳ አምስት ከሆናችሁ አምስት ቁራጭ ይወጣል። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ስጡና አራት ነገር ጻፉ፦ ማን አጠገቤ ነበር? ምን ጎዳኝ? ምን ስሠራ ጊዜው ሳላውቀው አለፈ? ሰው ምን ፈልጎ ወደ እኔ መጣ? ትልቅ ነገር አትፈልጉ። «ሁለተኛ ክፍል እያለሁ የሰፈር ልጆች ሲጣሉ እኔን ይጠሩኝ ነበር» ከ«በማዕረግ ተመረቅኩ» የበለጠ ይጠቅማል፤ ማዕረጉን ብዙ ሰው ያገኘዋል።

ከራሴ ደብተር ከ14 እስከ 21 ያለውን ላሳያችሁ፤ ከነአጻጻፉ ነው። «ማን ነበር፦ አያቴ። ምን ጎዳኝ፦ የአባቴ ሱቅ መዘጋት። ዱቤ በዛና ተዘጋ፣ ማን ስንት እንዳለበት አልተጻፈም። ጊዜው ያለፈብኝ፦ የእድር ገንዘብ ያዥ ለነበረችው አያቴ መዝገቡን ስጽፍላት። እሷ ትናገራለች እኔ እጽፋለሁ። ሰው ምን ፈልጎ መጣ፦ እቁብ ስንት እንደ ደረሳቸው እንዳሰላላቸው።»

ይህን ስጽፍ ምንም አልታየኝም ነበር። ከሁለት ገጽ በኋላ፣ ከ28 በላይ ያለው ላይ «ጎረቤታችን ጉሊት የሚሸጡት እናት ሒሳባቸውን እንድመለከትላቸው ለመኑኝ፣ ጊዜ የለኝም አልኩ» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። የአባቴ ሱቅ፣ አያቴ፣ እቁቡ፣ ጉሊቱ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ሲከተለኝ ነበር፤ እኔ ግን አፍሪካን እፈልግ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ?

እናንተም ከጻፋችሁ በኋላ ሌላ ቀለም ባለው እስክሪብቶ ከአንድ ጊዜ በላይ የመጣውን ነገር አክብቡ። ሁለት ጊዜ የመጣ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ ከመጣ ምልክት አድርጉበት። ጉዳት የተሞላ ገጽ ሲገጥማችሁ ደግሞ ቀስ በሉ። ስታስታውሱት ሌሊቱን እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ከሆነ ለብቻ አትቆፍሩት፤ የምታምኑት ሰው ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አጠገባችሁ ሲኖር ይደረግ። ለዚህ መመሪያ ብላችሁ ቁስል መቀስቀስ አያስፈልጋችሁም።

ቀን ሁለት፦ በእጅህ ያለው ምንድን ነው?

ሙሴ በሚነድደው ቁጥቋጦ ፊት «አያምኑኝም» እያለ ሲከራከር እግዚአብሔር በእጁ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀው። መልሱ የእረኛ በትር ነበር። አርባ ዓመት በግ የጠበቀበት በትር።

ዛሬ የምትጽፉት ያላችሁን ብቻ ነው። ሙያችሁን፣ ቋንቋችሁን፣ የምታውቁትን ሰፈር፣ የምታምኗቸውን ሰዎች፣ ትርፍ ጊዜያችሁን ጻፉ፤ ዕዳችሁንም አትርሱ፤ እሱም እጃችሁ ላይ ነው። «ቢኖረኝ ኖሮ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጣ ሰርዙት።

ከዚያ ሦስት ሰው ጠይቁ። እዚህ ላይ የእኛን ባሕል ማወቅ ይጠቅማል። «ስጦታዬ ምን ይመስልሃል?» ብትሉ ሰው ፊት ለፊት ስለማይናገር «አንቺማ ጎበዝ ነሽ፣ ሰው ወዳድ ነሽ» ይባላል፤ ይሄ ለለቅሶ ቤትም ለሠርግም የሚሆን መልስ ነው። ጥያቄውን እንዲህ አድርጉት፦ «አንድ ሰው ምን ሲቸግረው ወደ እኔ ትልኪዋለሽ?» ቀጥሎም «ወደ እኔ የማትልኪው ምን ሲሆን ነው?» ሁለተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው። እኔን እህቴ «የተናደደ ሰው አልልክብሽም፣ አንቺ ቶሎ መፍትሔ ትሰጫለሽ፣ አትሰሚም» አለችኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ከዚያ ጻፍኩት።

ከሦስቱ አንዱ ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ፣ አንዱ ከእናንተ ጋር የሠራ፣ አንዱ ደግሞ ተጣልታችሁ የታረቃችሁት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። የታረቃችሁት ሰው አያባብልም።

ቀን ሦስት፦ የሚያስለቅሳችሁ

ነህምያ ሱሳ ቤተ መንግሥት ውስጥ ለንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ኑሮው የተደላደለ ነው። ከይሁዳ የመጡ ሰዎችን ስለ ኢየሩሳሌም ጠየቃቸውና ቅጥሩ እንደ ፈረሰ፣ በሮቿ እንደ ተቃጠሉ ነገሩት። ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ወሬውን የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ንጉሡን የጠየቀው በኒሳን ነው። በመካከሉ አራት ወር ገደማ አለ። አራት ወር ሙሉ ያልበረደ ኀዘን ነበር ማለት ነው።

ብዙ ሰው ያንን ወሬ ሰምቶ ይሆናል፤ «አይ አገሬ» ብሎ አልፎታል። እሱን ግን አልለቀቀውም። ስለዚህ ዛሬ ጻፉ፦ ሌላው ሰው አይቶ የሚያልፈው፣ እናንተን ግን የማያሳልፋችሁ ምንድን ነው? የአረጋውያን ብቸኝነት? ትምህርት የሚያቋርጡ ልጆች? የተበላሸ የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ? አንድ ሰው «በየመንደሩ ያለ የውኃ ቧንቧ ሲፈስ ማየት አልችልም» ብሎኝ ያውቃል። አትሳቁ፤ እሱ የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

ዶክተር አበበች ጎበናን አስቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎ በረሃብ ተመትቶ ሳለ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄዱ። የሕይወት ራእይ ፍለጋ አልወጡም፤ የሄዱት ለንግሥ ነው። በየመንገዱ የወደቀውን ሰው አዩ፣ ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ከሃያ በላይ ሆኑ። ባላቸው ቤታቸውን ወይም ልጆቹን እንዲመርጡ አደረጓቸው፤ ልጆቹን መርጠው ወጡ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ድረስ ያንን ሥራ አልተዉም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የመጀመሪያው ቁጥር ነው፦ ሁለት።

ግን ጥንቃቄ። ያስለቀሰ ሁሉ ራእይ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ያየነው ቪዲዮ ያስለቅሰንና ማታ እንረሳዋለን። ጸጸትም ከሸክም ጋር ይመሳሰላል፦ ለእናቱ ባለመድረሱ የሚጸጸት ሰው የአረጋውያን ማእከል እከፍታለሁ ብሎ ሊነሣ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ግን መቃብሯ ሄዶ ማልቀስና ንስሐ መግባት ይሆናል። የነህምያ አራት ወር ጥሩ መለኪያ ነው። የጻፋችሁት ላይ ቀን ጻፉበት፤ ጥር ላይ ተመልሳችሁ እዩት። ጥር ላይም ልባችሁን ካንቀሳቀሰው የእናንተ ነው።

ቀን አራት፦ የማን ድምፅ ነው?

ይህ ቀን አጭር ነው፤ ግን የሚያቆስል ነው። እስከ ዛሬ ስትጽፉት ከቆያችሁት ምኞት እያንዳንዱ አጠገብ የማን እንደሆነ ጻፉ። የአባቴ፣ የአክስቴ፣ የመምህሬ፣ የቲክቶክ። «ዶክተር ትሆናለህ» የተባለ ልጅ አርባ ዓመት ሲሞላው ድምፁን ከእግዚአብሔር ድምፅ ጋር ቀላቅሎት ታገኙታላችሁ። ሳሙኤልም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ የዔሊ ድምፅ መስሎት ሮጧል፤ ቅዱስ ሰው እንኳ ይሳሳታል።

ከዚያ ሦስት ነገር መርምሩ። ቅናት፦ እከሌ ባያደርገው ኖሮ እኔ እፈልገው ነበር? ፍርሃት፦ ይህን የመረጥኩት ከሌላ ነገር ለመሸሽ ነው? ይሉኝታ፦ እምቢ ማለት አቅቶኝ የተሸከምኩት ነው? ሦስተኛው የእኛ አገር በሽታ ነው። ስንት ሰው ነው «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የማኅበር ሰብሳቢ ሆኖ የሚሰቃይ! እኔ በአንድ ጳጉሜን ከሁለት ኮሚቴ ለመውጣት ወሰንኩ፤ ዓመቱን ሙሉ ካደረግኩት መንፈሳዊ ነገር ያ ሳይበልጥ አይቀርም።

ንስሐ የሚያስፈልገው ነገር ሲገኝ ወደ ንስሐ አባታችሁ ወይም ወደ መጋቢያችሁ ሂዱ። ይቅርታ መጠየቅ ያለባችሁ ሰው ካለ ዛሬ ደውሉ። ስልኩን ከሌላው ክፍል ማምጣት የሚፈቀደው ለዚህ ብቻ ነው።

ቀን አምስት፦ መጻፍ

ለዕንባቆም «ራእዩን ጻፍ፥ አንባቢውም ይፈጥን ዘንድ በጽላት ላይ ግለጠው» ተብሎለታል። እየሮጠ የሚያልፍ ሰው እንዲያነበው፣ ማለትም አጭርና ግልጽ አድርጎ።

ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ለማን፣ ምን እንዲሆንላቸው፣ በእጄ ባለው በምን። ከቀን አንድ ያከበባችሁትን፣ ከቀን ሁለት ሰዎቹ የነገሯችሁን፣ ከቀን ሦስት ሸክሙን አምጡ። የገበያ ገጹንም ግለጡ፤ በዝምታችሁ መካከል ደጋግሞ የገባው ሐሳብ አንዳንዴ ሐሳብ በታኝ ሳይሆን ራሱ ጉዳዩ ነው። የእኔ ላይ አምስቱንም ቀን «የእትዬ ሒሳብ» የሚል ነበረ።

አንድ ጊዜ አይወጣላችሁም። የእኔን ሦስት ሙከራ እዩ፦

አንደኛው፦ «ሴቶችን በኢኮኖሚ ማብቃት።» ይህ የፕሮጀክት ማመልከቻ ነው። ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሁለተኛው፦ «በሰፈሬ ያሉ ጉሊት ነጋዴዎች የንግድ ሥልጠና እንዲያገኙ ማድረግ።» ቀርቧል፤ ግን ሥልጠና ማግኘታቸው ለእነሱ ምን ይሆንላቸዋል? ሰርተፍኬት ለእኔም ተሰጥቶኛል።

ሦስተኛው፦ «በሰፈሬ ጉሊት የሚሸጡ እናቶች ማታ ሲገቡ አትርፈው ይሁን ከስረው እንዲያውቁ፣ በማውቀው ሒሳብ አጠገባቸው መቀመጥ።»

«አጠገባቸው መቀመጥ» የሚለውን ስጽፍ አለቀስኩ። የሚያስለቅስ ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ በጎ ምልክት ነው፤ ካላገኛችሁም አትጨነቁ፣ ተፈጥሯችሁ ደረቅ ሊሆን ይችላል።

ከጻፋችሁ በኋላ በኤፌሶን 2፥10 ፈትኑት። እዚያ እንመላለስበት ዘንድ አስቀድሞ የተዘጋጀ «መልካም ሥራ» አለ ይላል። የጻፋችሁት ሥራ ነው ወይስ ስም? ሥራውን የሚያይ ሰው ባይኖር ትሠሩታላችሁ? ይህን ለማድረግ መዋሸት፣ ትዳር መበደል፣ ልጅ መተው ያስፈልጋል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ አዎ ከሆነ ወደ ቀን አራት ተመለሱ።

ለማን ይነገራል?

ነህምያ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ዝም አለ። ከዚያ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ፤ እግዚአብሔር በልቡ ያኖረውን ለማንም አልተናገረም። ከዚህ የምወስደው፦ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት። ገና ያልተጀመረ ሥራ ምስጋናውን ከወሰደ ለመሥራት ጉልበት ያጣል።

አንድ መንፈሳዊ አባት ወይም እናት ግን ይስማው። ዔሊ የደከመ ሽማግሌ ነበር፣ ልጆቹንም በአግባቡ አላሳደገም፤ ሳሙኤልን የጠራው ማን እንደሆነ ያወቀው ግን እሱ ነው። አባታችሁ ፍጹም እስኪሆኑ አትጠብቁ። «ትክክል ነኝ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ምን ያልታየኝ ነገር አለ?» በሉ። ራእያችሁን በክፍያ የሚነግራችሁ፣ ወይም ደብተራችሁን ሳያይ «እግዚአብሔር እንዲህ ይልሃል» ብሎ አገር እንድትለቁ፣ ትዳር እንድታፈርሱ የሚያዝዝ ሰው ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

52 ቀን

የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን አለቀ፤ ነህምያ 6፥15። ቁጥሩን እንደ ሕግ አልወስደውም፤ ለሙከራ ግን ልክ ሆኖ አገኘሁት። መስከረም 1 ብትጀምሩ ጥቅምት 22 ያልቃል።

የዓረፍተ ነገራችሁን ትንሿን ቁራጭ ምረጡ። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ከሦስት ሰው ያልበለጠ፣ ያለ ገንዘብ ወይም በጣም በትንሹ። ድርጅት አታቋቁሙ፣ ሎጎ አታሠሩ፣ ሥራ አትልቀቁ። ሥራ መልቀቅን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር፦ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ከ52 ቀን በፊት ሥራ ቢለቅ ያ እምነት አይደለም፤ ለሚስቱ ወይም ለባሏ ያልተነገረ ብድር ነው።

በየሳምንቱ መጨረሻ በደብተሩ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን አደረግኩ? ማን ተጠቀመ? ምን አስገረመኝ? የመጨረሻዋን አትዝለሉ። ሳትገረሙ ሦስት ሳምንት ካለፈ ሰዎቹን እያያችኋቸው አይደለም።

በር ሲዘጋ

ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ጳውሎስ በእስያ እንዳይሰብክ ተከለከለ፤ ወደ ቢታንያ ሊገባ ሞከረ፣ እዚያም ተከለከለ። ሁለት በር ከተዘጋ በኋላ ነው ሌሊት የመቄዶንያውን ሰው ያየው። መንገድ ላይ ስለነበረ ነው የተዘጋውን ያወቀው፤ ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ የትኛውም በር አይዘጋበትም ነበር።

ዳዊት ደግሞ ቤተ መቅደስ ሊሠራ አሰበ፣ ተከለከለ፤ ማሰቡ ግን መልካም እንደሆነ ተነገረው። ሰሎሞን ሠራው። አንዳንድ ራእይ ወርቁን ማዘጋጀት ብቻ ነው የሚደርሰን።

ተቃራኒም አለ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የመጡት የሦስት ዓመት ውል ፈርመው አዋላጅ ነርሶችን ለማሠልጠን ነው። ፊስቱላ ያለባቸውን፣ ማለትም በአስቸጋሪ ምጥ ተጎድተው ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች አዩ። የፊስቱላ ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1974 ተመሠረተ፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ላይ አረፉ። የፈረሙት ውልና የኖሩት ሕይወት አይገናኝም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገራችሁን በእርሳስ ብትጽፉት አይከፋም፤ በየጳጉሜኑ ትመለሱበታላችሁ።

የእኔስ ምን ሆነ? ስድስት እናቶች ጋበዝኩ፣ ሁለት መጡ። አንደኛዋ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። እኔ መስመር የተሠመረበት ደብተር፣ «ገቢ» «ወጪ» ብዬ ርእስ ጽፌበት፣ እስክሪብቶ ከነክዳኑ ይዤ ሄድኩ። ሳስረዳ ሳስረዳ ቆይቼ «እስቲ የዛሬውን ይጻፉልኝ» ስላቸው ደብተሩን ገለበጡት፣ አገላበጡት፣ ሳቁ። ፊደል አልቆጠሩም። ይህን ሳላውቅ ሰባት ዓመት ጎረቤት ሆነናል።

እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ግድግዳው ላይ በከሰል የተሠመሩ ጭረቶች አሉ፤ ረጃጅሙ ኩንታል ሽንኩርት ነው፣ አጫጭሩ የተሸጠ መደብ፣ ክብ የተደረገበት ደግሞ ዱቤ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለቤት የተበላውን አያሠምሩም። ከሰሉን ሰጡኝና «እሱን በምን እናድርገው?» አሉኝ። መስቀለኛ ጭረት ተስማማን።

ማታ ገብቼ ዓረፍተ ነገሬን አወጣሁ። «በማውቀው ሒሳብ» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «በሚያውቁት ምልክት» ብዬ ጻፍኩ።